ለአንቀጽ አሥራ አራት የተዋለ ውለታ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምክር ቤቱ የሶላር ረቂቅ ሕጉን ለሕዝብ ውይይት አቀረበ። ከእኛ ሰፈር የተገኘው ሰው ሦስት ነው። ሁለት ሳምንት ከከተማ ወጥተው ምን አመለጠኝ ላሉኝ፣ ያመለጠዎት ይሄ ነው፣ መምህር።

ይቀመጡ። ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ላድርግልዎት። እናትዎ እንዴት ሆኑ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይናቸው አየ? … ተመስገን። አጥርቶ ማየት ትልቅ ጸጋ ነው። እኛ እዚህ ሁለት ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዘን ስንቱ ነገር ሳናየው አለፈን።

መብራት ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሄዷል። ቶንዶሱን ሰቅዬዋለሁ፤ ፀጉርዎን በመቀስ፣ ጢምዎን በምላጭ እናደርገዋለን። እዚያ ጥግ ጋዜጣ ዘርግተው የተቀመጡት ደንበኛዬ ተራቸው ከእርስዎ ቀጥሎ ነው። ማን እንደሆኑ እንኳ አላየሁም፤ ሲገቡም ፊታቸው ጋዜጣው ውስጥ ነበር። ጫማቸው ግን ያምራል። ጌታዬ፣ ብርሃኑ ካነሰዎት ወደ በሩ ጠጋ ይበሉ… አይ፣ እዚያው ተመችቷቸዋል። ያንብቡ። እኛ የምናወራው ወሬ እሳቸውን አይመለከትም።

አሁን አረፋውን ልቀባዎት ነው። ከዚህ በኋላ አፍ አይከፈትም፤ ጥያቄ ካለዎት በቅንድብ ይጠይቁኝ።

መቼም አንቀጽ አሥራ አራትን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ጌታዬም ጋዜጣው ላይ ላያገኙት ይችላሉና ልድገመው። ብዙ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ጣሪያው ላይ ሶላር መትከል ሲፈልግ፣ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ ከተስማማ ይበቃል። ተከራይም እንደ ባለቤት አንድ ድምፅ አለው። ተርፎ ወደ መስመሩ የገባው ኃይል ከወር ክፍያ ላይ ይቀነሳል። በቃ፤ ግማሽ ገጽ ነው። ይህ አንቀጽ ከወጣ ሕጉ የባለ ቪላ ሕግ ሆነ ማለት ነው፤ አርባ ስምንት በር ያለው ሕንፃ ሥር ሱቅ ለተከራየን ለእኛ ምን ያመጣልናል? ምክር ቤቱም ነገሩን አልሸፈነውም። ሕዝቡ እንደሚፈልገው ካሳየ አንቀጹ ይቆያል፣ ካላሳየ ይወጣል ብሏል። ጄኔሬተር የሚያከራየው ድርጅት ደግሞ ይውጣ ባይ ነው። እሱስ ምን ይፈረድበታል? ሌላው ሲጨልምበት አይደል ለእሱ የሚነጋለት?

እታለምን ያውቋታል፤ ታላቅ እህቴን፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ያለውን ላውንደሪ የያዘችውን። እንጀራዋ ክሊኒኩ ነው፤ አንሶላና ነጭ ጋውን፣ በቀን ሰማንያ ዘጠና። ክሊኒኩ እስከ ወሩ መጨረሻ እንታገሣለን፣ ከዚያ በኋላ በሰዓቱ ካልደረሰልን ለሌላ እንሰጣለን ብሏታል። በሰዓቱ የማይደርሰው እጇ ሰንፎ አይደለም፤ ካውያው መሐል ላይ እየበረደባት ነው። ክሊኒኩ ከሄደ ሱቁ ይዘጋል። ነገሩ ለሌላው የሕግ ክርክር ነው፤ ለእሷ ግን በሯን ጠዋት መክፈትና አለመክፈት ነው።

እና የሕዝብ ድጋፍ አሰባሳቢ ኮሚቴ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ስናቋቁም ሥራው ተከፋፈለ። ሰውን በር በር እየዞሩ ማስረዳቱ ለእታለም፣ የማስታወቂያው ጽሑፍ ለእርስዎ፣ ማሳተምና ማስለጠፉ ደግሞ… ለአንድ ትልቅ ሰው። ስም አልጠራም። ስም መጥራት ምን ይሠራል? እርስዎ ያኔ «እኚህ ሰው ከጠሩት አዳራሽ ይሞላል» አላሉም? እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጨዋ ናቸው፣ አንደበታቸው ርቱዕ ነው፣ ክራቫታቸው ሁልጊዜ ከሸሚዛቸው ጋር ይስማማል። እንዲህ ያለ ሰው ሰብሳቢ ሲሆንለት ማን ይከፋዋል?

እርስዎ የጻፉት አምስት መስመር ነበር፤ ረቂቁ እዚህ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተሰክቷል። አንደኛው መስመር ሕጉ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ለተከራይ ምን እንደሚሰጥ፣ ሦስተኛው ማን እንደሚናገር፣ አራተኛው ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ። አምስተኛው… ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ የምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ምድር ቤት።

እርስዎ በወጡ ማግስት ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ነዳጅ። ይህን ማን ይክዳል? እዚያ ሲደርሱ ግን አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሕዝብ ፊት ካላየ አያምንም። ስለዚህ ፎቶ ይግባ። ገባ። አነሰ፣ ይተልቅ። ተለቀ። የማተሚያ ቤቷ ልጅ ታዲያ «ቦታው አልበቃም፣ ከጽሑፉ አንድ መስመር ይውጣ፤ የቱ ይሁን?» ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን ከመንገድ የለቀምኩት ወሬ እንዳይመስልዎት። ልጅቷን ራሷን ጠይቄያለሁ፤ ከዚያም ወረቀት የሚቆርጠውን ባልደረባዋን ለብቻው ጠይቄያለሁ። የሁለቱም ቃል አንድ ነው። እና ምን ቢሏት ጥሩ ነው?

«የታችኛው ይውጣ።»

ቅንድብዎ ተነሣ። ኧረ አይንቀሳቀሱ፣ ጉሮሮዎ ላይ ነኝ።

የታችኛው ወጣ። ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ፤ በየደረጃው፣ በዳቦ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር፣ በዚህ በር ላይም ሳይቀር ተለጠፈ። ማስታወቂያው ለዓይን ያምራል፣ ውሸት ምን ያደርጋል። እሳቸው እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ ሩቅ ሩቅ ያያሉ። ሩቁን ሲያዩ ነው መሰለኝ ቅርቡ ማክሰኞ ያመለጣቸው።

ሰውም ተቀበለው፣ አልተቀበለውም አይባልም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ድምፄን ለእሳቸው ነው የምሰጠው፤ ምርጫው መቼ ነው?» አለችኝ። የታክሲ ነጂው ሚስት ጥርሳቸውን አይታ የጥርስ ሐኪም መስለዋት ቀጠሮ የሚያዝበትን ስልክ ስትፈልግ ዋለች። አባባ ፖስታ ግን ከሁሉም ባሱ። ያውቋቸዋል፤ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት፣ አርባ ዓመት ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡት። መነጽራቸውን ቤት ረስተው ሲወጡ ደረጃው ላይ ያንን የሚያህል ፎቶ አዩ። ያን የሚያህል ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ለምንድን ነው? ተመለሱ፣ ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ፣ መነጽሩን አሁንም ረስተው ወደ እኚሁ ሰው ቤት አራተኛ ፎቅ ወጥተው አንኳኩ። በሩን የከፈቱት ባለ ፎቶው ራሳቸው ናቸው፤ በቢጃማ፣ ያለ ክራቫት። አባባ አቀፏቸውና «አይዞህ ልጄ፣ በርታ… ለመሆኑ ሟች ምንህ ነበሩ?» አሏቸው። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና «የቅርብ ሰው ነበሩ» ብለው ወንበር ሰጧቸው አሉ። ይህችን እንኳ የሰማሁት ከአባባ ብቻ ነው። ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋት ነበር፤ ግን ሁለተኛው ምስክር እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያወሩ ሰው አይደሉም።

ጌታዬ፣ ጋዜጣው ተቀደደብዎት? አይጨነቁ፣ የትናንትና ነው።

እኔስ ብሆን የት ነበርኩ? ወረቀቱን በገዛ በሬ ላይ ለጥፌ አራት ቀን ሥሩ ተመላልሻለሁ። ቀኑን በልቤ ስለማውቀው ወረቀቱ ላይ አለመኖሩን አላየሁትም። ሰኞ ወደ ማታ አንድ ደንበኛ እየወጣ «ለመሆኑ መቼ ነው?» ሲለኝ ነው ዞር ብዬ ያነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አነበብኩት። እታለም በዚያች ምሽት አርባ በር አንኳኳች። ግን የሰው ሥራ ነው፤ ለነገ ጠዋት ዛሬ ማታ የተነገረው ሰው አለቃውን ምን ብሎ ያስፈቅዳል?

እና ማክሰኞ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እታለም፣ አባባ ፖስታና እኔ። የጄኔሬተሩ ድርጅት በሁለት አውቶቡስ ሰው አምጥቷል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገዋል። ቆጠርኳቸው፤ ሰማንያ ስድስት ናቸው። ግማሾቹ ምን ሊቃወሙ እንደመጡ አያውቁም፤ አንዱን ጠይቄው «ምሳ አለ ተብያለሁ» ነው ያለኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን አንድም ሰው አልተሳሳተም።

የእኛ ትልቅ ሰውስ? አልተገኙም። የት እንዳሉ ያወቅነው በአባባ በኩል ነው። አባባ ያቺን ትንሽ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ተቀምጠዋል። ድንገት ጎሸም አደረጉኝና «አሁን እየተናገሩ ነው» አሉኝ። በቀጥታ ሥርጭት፣ በዚያው ሰዓት። ርዕሱ ምን ይሁን? «የሕዝብ ድጋፍ እንዴት ይገነባል» ነው። «ጥሩ ይናገራሉ» አሉኝ አባባ። እኔም ዙሪያዬን አየሁ፤ ከሁለታችን ወዲያ እታለም፣ ከእታለም ወዲያ ባዶ ወንበር። የሚናገሩት ስለ ሌላ ሰፈር ይሆናል አልኩ።

ለነዋሪው ወገን አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጠ። እታለም ደብተሯን ይዛ ተነሣች። ያቺን ደብተር አሳይታዎት ይሆን? ዘጠና ቀን ሙሉ መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት፣ በዚያ ቀን ሳይተኮስ ያደረውን ጋውን ብዛት መዝግባለች። ከዘጠናው ቀን በስልሳ አንዱ ጠፍቷል፤ ከስልሳ አንዱ አርባ አራቱ በሥራ ሰዓት ነው። ስሜት የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም፤ ቁጥር ነው። የውይይቱ መሪ እንኳ መነጽራቸውን አወለቁና ሊሰሟት ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ልክ አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተ።

«ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ነዋሪውን ወክዬ የምናገረው እኔ ነኝ። እህቴ ትቀመጥ፣ ደክሟታል።»

እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው አይተው ያውቃሉ? ለሴት ልጅ ድካም የሚጨነቅ? ሰዓቴን ይዤ ነበር፣ መምህር። አራት ደቂቃ ምስጋና ሆነ፤ ለምክር ቤቱ፣ ለሬዲዮ ጣቢያው፣ ለበር ጠባቂው። ስድስት ደቂቃ ከአነሳሳቸው እስካሁን ያሳለፉት ሕይወት ሆነ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ስለ ፀሐይ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ እንዳለች፣ ወደፊትም እንደምትኖር አስረዱ። ለአንቀጽ አሥራ አራት የተረፈው አርባ ሰከንድ ነው። በዚያችም ላይ «በዝርዝሩ ላይ መደራደር ይቻላል» ብለው በፈገግታ ዘጉ። ሰማንያ ስድስቱ ኮፍያዎች ተነሥተው አጨበጨቡላቸው። ተቃዋሚን ከመቀመጫው አስነሥቶ ማስጨብጨብ እንዲሁ የሚገኝ ችሎታ ነው? እኔ እንኳ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት።

እታለም ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላውን ሁሉ ስቄበታለሁ፤ እዚያ ጋ ግን አልሳቅኩም።

አገጭዎን ቀና… እንዲህ። ከግራ በኩል ትንሽ ቀርቶናል።

አሁን ደስ የሚለው ይመጣል። ከአዳራሹ ስንወጣ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችብን። ደብተሩን አይታዋለች። «አስተያየት በጽሑፍ እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት እንቀበላለን፤ የበር ቁጥር ይኑረው እንጂ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ወረቀት ይበቃል» አለችን። እታለም ይህን ስትሰማ ፊቷን ቢያዩት። ረቡዕ ካውያውን ለሠራተኞቿ ትታ ወጣች። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከእያንዳንዱ ዳቦ ጋር ባዶ ወረቀት አብራ መጠቅለል ጀመረች፤ ያልሞላ በማግስቱ ትኩሱን አያገኝም አለች፣ የምሯን ይሁን የቀልዷን እንጃ። አባባ ፖስታ ግን ሰውን ጉድ አሰኙ። አርባ ዓመት ያንኳኩት በር ነው። የትኛው በር ጠዋት፣ የትኛው ማታ እንደሚከፈት፣ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለ፣ ማን ደወል እንደማይሰማ ሁሉንም ያውቃሉ። በሦስት ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት ሰበሰብን። የእታለም ደብተር ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ከላይ ተያያዘ። አርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ገባ፤ የገቢ ማህተም ተመታበት።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ትልቁ ሰውዬ አልተገኙም። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሣም። እኛም ክፉ አላሰብንም። ሰው አንድን ንግግር ያን ያህል ጊዜ ከተናገረ ጉሮሮው አያርፍም?

እና ትናንት ከሰዓት የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ወሰነ። አንቀጽ አሥራ አራት ከነተከራዩ በወሩ መጨረሻ ምክር ቤቱ ድምፅ ወደሚሰጥበት አለፈ። ውሳኔው ሲነበብ «በተለይም በጽሑፍ የቀረበውን የዘጠና ቀን ማስረጃ» የሚል አለበት። ክሊኒኩም ሰምቶ «ድምፁ ከቀና ሶላሩ እስኪተከል እንጠብቅሻለን» ብሏታል። ዛሬ ጠዋት እታለም ስታንጎራጉር በግድግዳው በኩል ስሰማት ነው የዋልኩት፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ዝም በይ የሚላት የለም።

ይኸው አለቀ። ፊትዎን በሙቅ ፎጣ ልሸፍንልዎት። ቆይ፣ ገና አይናገሩ፤ አንዲት ነገር ቀርታኛለች።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ከእታለም ጋር ወደ ምክር ቤቱ ሄደን ነበር። የገባው አስተያየት ሁሉ፣ የደጋፊውም የተቃዋሚውም፣ ለሕዝብ እይታ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የእኛን ለማየት ነው የሄድነው። አየነው፤ ደስ አለን። አጠገቡ የጄኔሬተሩ ድርጅት ደብዳቤ አለ፤ ሁለት ገጽ፣ አንቀጽ አሥራ አራት ለምን መውጣት እንዳለበት የሚዘረዝር። ግሩም ጽሑፍ ነው። ከሥሩ «የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ» ይልና ስም አለው። ስሙን አልናገርም። ስም ይመሳሰላል፤ በስም ብቻ ሰው አይጠረጠርም። ስለዚህ ፊርማውን አየሁ። የኮሚቴያችንን ቃለ ጉባኤ ከኪሴ አውጥቼ አጠገቡ ያዝኩት። ፊርማውም ተመሳሰለ፤ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የምትጠመዘዘው ጅራት ሳትቀር። እሺ፣ ምናልባት ከማክሰኞው በኋላ ተስፋ ቆርጠው የያዙት ሥራ ይሆናል አልኩ። የተከፋ ሰው የት አይገባም? ከዚያ የገቢ ማህተሙን አየሁ። ደብዝዞ እንደሆነ ብዬ ለእታለምም አስነበብኳት። ቀኑ ያው ነው። ደብዳቤው የገባው ከማክሰኞው አሥራ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ማስታወቂያችን ከመታተሙም ስድስት ቀን ቀድሞ።

እኔ ምን እላለሁ? እታለም እንኳ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ «ይመረቃሉ እንጂ አይረገሙም» ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው። ቤታቸው ይሙላ፣ ልጆቻቸው ይደጉላቸው። የያዙት ሁሉ ይባረክላቸው። እና አንድ ቀን ነገር ከፍቶባቸው የሚቆምላቸው ሰው ሲሹ… እሳቸው ለእኛ እንደቆሙልን የሚቆምላቸው ሰው አይጡ።